እጅ ስጡ ይላል

አጎቴ ሞቱማ በግ ሰርቆ መደበቁን ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። በግ የሚባል ነገር አለመስረቁን ከመንደሩ ሰው ሁሉ ዘግይቼ የሰማሁትም እኔው። በመሀል ያለውን ጊዜ በኩራት ነው ያሳለፍኩት፤ ሌባ አጎት ያላት ልጅ በእኛ አካባቢ ሌላ አልነበረችማ።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። ቤታችን ከባምባሲ ወጣ ብሎ፣ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ጎጆ እንደ ሰልፈኛ በተደረደረበት አምባ ጫፍ ላይ ነበር። እኛ ሰፋሪ አይደለንም፣ የአገሩ ሰውም አይደለንም። አባቴ ዲሳሳ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ከወለጋ መጥቶ፣ ሰው ሲበዛ የተቀደደ ልብስም ይበዛል ብሎ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ከአጥራችን ማዶ የጣሂራ ግቢ ነው። እነሱ በርታዎች ናቸው፣ ከሁላችንም በፊት የነበሩ። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ከአጥሩ ማዶ በርታኛ፣ ከሰፋሪ ልጆች ጋር የወሎ አማርኛ ስናወራ እንውልና ሦስቱንም እኩል እናበላሻቸዋለን። ጣሂራ ስትጠራኝ "አንተ ቡሴ፣ ና ወደዚህ" ነው የምትለኝ። በእሷ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። እኔም አላርማትም ነበር፤ "አንተ" መባል ደስ ይለኛል፣ እንደ ማዕረግ።

አማርኛ ላይ ያስቸገረኝ እጅ ነው። እጅ በኦሮምኛም አለ፣ ሀርከ እንለዋለን፤ ግን የአማርኛው እጅ ሥራ በዝቶበታል። አባቴ ጨርቅ ሊገዛ አሶሳ ሄዶ ባዶውን ሲመለስ "እጅ አጠረኝ" አለ። ሁለቱንም እጆቹን ጎን ለጎን አድርጌ ለካሁ፤ እኩል ናቸው፣ እንደ ድሯቸውም ናቸው። የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ "እጁ ረጅም ነው" ሲባል ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ተከተልኩት። የሸሚዙ እጅጌ እንኳ ጣቶቹን አልፎ ይንጠለጠል ነበር። አጎቴን ሞቱማን ደግሞ እጀ ወርቅ ይሉታል። ሰው መንጌ ድረስ ሄዶ ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወርቅ ሲያጥብ፣ ይሄ ሰውዬ በመዳፉ ይዞት ሲዞር ለምን ዝም እንደሚሉት አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶት ሳለ መዳፉን ቀመስኩት። ግሪስ ግሪስ አለኝ። የወፍጮው ሞተር ሲቆም፣ ሬዲዮ ሲታፈን፣ የሊቀመንበሩ ብስክሌት ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚጠሩት እሱን ነው። በየቦታው ሲነካካ ወርቁ ተፍቆ አልቋል ብዬ አዘንኩለት።

እነዚህን እጆች የሚፈታልኝ ጋሼ ቀጄላ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ፊደልና ሒሳብ ሊያስተምረን የመጣ፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ አንገቱ ላይ የሚቆልፍ ልጅ እግር ነው። ከሞቱማ ጋር የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ አብረው ይበላሉ፣ አንድ ኮት በተራ ይለብሳሉ። ትምህርት ሊያልቅ ሲል ጠመኔውን ያስቀምጥና "አሁን ለቅምሻ" ብሎ አንድ እንግሊዝኛ ይሰጠናል። በዚያ ክረምት ቅምሻው ሁሉ እጅ ነበር።

እንግሊዞችም እንደኛው በእጅ ያወራሉ አለን። "ሃንድ ቱ ማውዝ" ሲሉ ከእጅ ወደ አፍ ማለታቸው ነው፣ ቃል በቃል ያው። "ድህነት አስተርጓሚ አይፈልግም" ብሎ ብቻውን ሳቀ። "ኢን ጉድ ሃንድስ" ከተባልክ ጥሩ ሰው ዘንድ ነህ፣ ቤተሰብ አያስብ። "ኦን ዘ አዘር ሃንድ" ሲሉ ሌላኛው እጅ ማለት አይደለም፣ "በሌላ በኩል ደግሞ" ነው፤ ፈረንጅ ሐሳቡን እንደ ቡና ነጋዴ በግራና በቀኝ መዳፉ ይመዝናል። "ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ" ያለ ደግሞ እርዳኝ ማለቱ ነው።

"ይቺን ግን ተጠንቀቁ" አለ። "በቀጥታ ብትመልሷት እጅ ስጠኝ ልትሆን ነው። በእኛ እጅ የሚሰጥ ማነው?"

ከኋላ የተቀመጠ የሰፋሪ ልጅ "ምርኮኛ" አለ። ያ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቃል፤ እዚህ የመጣው በጠመንጃ ታጅቦ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን "ሬድ ሃንድድ" የሚባለውን ነው። ድሮ ስኮትላንድ በሚባል አገር የሰው በግ አርዶ እጁ በደም እንደቀላ የተያዘ ሰው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም ነበር አለን። ቀይ እጅ ይሉታል፣ እኛ እጅ ከፍንጅ እንደምንለው። እኔ እጄን አወጣሁ።

"ቢታጠበውስ?"

"እጅሽን አውርጂ ቡሴ" አለ ጋሼ ቀጄላ።

ይሄን በቀን ብዙ ጊዜ ይለኝ ነበር። እጅ ማውጣት እወዳለሁ። ጥያቄ ኖረኝም አልኖረኝም አወጣለሁ፤ ካወጣሁ በኋላ ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

በዚያው ሰሞን ሞቱማ ጠፋ። ወርቅ ሊያጥብ መንጌ ሄዷል አሉን። አባቴ ይህን ሲናገር የስፌት መኪናውን መዘውር በባዶው ያሽከረክራል፤ እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። እኔ ግን አመንኩ። ወርቁን አስፍቆ ጨርሶ ሊያስሞላ የሄደ መሰለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በጣሂራ አጥር ሾልኬ ገባሁ። ግቢው የሥጋ መረቅ ይሸታል፤ የበግ ቆዳ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ከጓሮ ባለችው ጎጆ በር ላይ ደረቴን ለጥፌ ሳይ፣ መንጌ ነው የተባለው አጎቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፣ መዳፉን ወደ ላይ። ሁለቱም መዳፎቹ ቀይ ናቸው። እንዲያው ቀላ ያሉ አይደሉም፤ ከጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው ተነክሮ የወጣ ቀይ። አጠገቡ የጣሂራ ልጅ ኢንቲሳር ተቀምጣ ትስቃለች። የእሷም እጅ ቀይ ነው፤ የእነሱ ሴቶች ሒና ስለሚወዱ ያን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሞቱማ ሲያየኝ ደነገጠ። ቀይ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ።

ሌላ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

ዛሬ ሳስበው እንኳን እኔ ስኮትላንዶችም ይሳሳቱ ነበር። በእነ ጣሂራ ዘንድ ሙሽራው ሒና ይቀባል። የታረደው በግ የጣሂራ የራሷ ነው፣ ለሠርግ የታረደ። አጎቴ የተደበቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ በተደበቀበት ግቢ ውስጥ ደግሞ እግረ መንገዱን አገባ። ለማግባት የደፈረውም ሲደበቅ ነው፤ ውጭ ቢሆን ኖሮ አባቴንና የቤተ ክርስቲያናችንን ሰባኪ ፈርቶ ኢንቲሳርን በአጥር ቀዳዳ ሲያያት ይኖር ነበር።

የተደበቀው ከብሔራዊ ውትድርና ነው። ከእኛ ማኅበር ወጣቶች ተጠርተው ሄደዋል፤ አንድ ሰው ጎድሏል፤ የጎደለው ሞቱማ ነው። ይህን ሁሉ በጊዜው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ሁሉንም በበጉ በኩል ነው የምሰማው። አባቴ ለእናቴ በሹክሹክታ "ቢያገኙት ይወስዱታል" ሲላት ለእስር ቤት ነው አልኩ። እሷ "ከሄደ አይመለስም፣ የማን ልጅ ተመለሰ" ስትል፣ ለአንድ በግ ይሄ ሁሉ ፍርድ በዝቷል ብዬ አዘንኩ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "እማዬ፣ እሱ እኮ በግ ነው፣ አንድ በግ" አልኳት።  እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ ሳመችኝና እሪ ብላ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ድረስ "ቡሴ ገና በልጅነቷ ለእርድ የሚነዳውን ትለይ ነበር" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። አላረምኳትም።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ጋሼ ቀጄላ በዕድሜ የሞቱማ እኩያ ነው፤ እሱን ግን ማንም አይጠራውም። ሰፋሪዎቹን ሊያዩ ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ ሊቀመንበራችን ረጀብ ደግሞ "አምባችን የራሱ አስተርጓሚ አለው" ብሎ ለበላዮቹ ተናግሯል። ሴቶቹ "ቀጄላን እንግሊዝኛው አስቀረው" ይሉ ነበር። እኔም ጎበዝ ተማሪ ወታደር አይሆንም ማለት ነው ብዬ ያዝኩት።

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ከሰዓት ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ቀዩ ጭቃ ገና እያብረቀረቀ። ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ልክ ከጣሂራ አጥር አጠገብ። ሰፋሪዎቹ በአንድ ወገን፣ እኛና በርታዎቹ በሌላ ወገን። ረጀብ መሀል ቆመ፤ ከጎኑ ጠመንጃ ያነገተ ታጣቂ አለ። ረጀብ ከወሎ የመጣ፣ ከሰው ፊት ሲናገር ድምፁን ወደ አፍንጫው የሚያወጣ፣ ሰው ሳያየው ግን ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል አለ። መኪናው አንድ ሰው ጎድሎት አይመለስም። ያ ሰው ደግሞ መንጌ አይደለም፣ እዚሁ ነው፣ ጢሱ ይሸተኛል አለ። እኔ የበጉ ጢስ መሰለኝና አባቴን አየሁት። አባቴ መሬቱን ያያል።

"ቤት ለቤት ይፈተሽ የምትሉ እጃችሁን አውጡ" አለ ረጀብ።

አንድም እጅ አልወጣም። ወፍጮው ሞቱማ ከጠፋ ወዲህ ቆሟል፤ ሴቶቹ በድንጋይ ሲፈጩ ሰንብተው ክንዳቸው ዝሎ ነው የመጡት። ረጀብ ደገመው። አንዲት የሰፋሪ እናት እከክ እንደያዘው ሰው እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ሌሎቹም ተከትለው በነጠላ፣ በጋቢ፣ በጉያ ደበቁት። ሊቀመንበሩ ፊት የቀረው እጅ የታጣቂው ብቻ ነው፣ እሱም ጠመንጃ ይዟል።

ሰውየውን በዚያን ጊዜ አውሬ መስሎኝ ነበር። የራሱን የበኩር ልጅ ባለፈው ዙር በዚያው መኪና እንደላከ የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ሲቀር ማየት አይችልም ነበር፣ ይኸው ነው።

"እንግዲያው እኔ አውጥቻለሁ" ብሎ የራሱን እጅ አነሳ። "ከዚህ ግቢ እንጀምር።" ወደ ጣሂራ አጥር ጠቆመ። ጣሂራ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች። "ሊቀመንበር፣ ቤቴ ውስጥ ልጅ ታሟል፣ አይገባም" አለች። ልጅ የሚባል አልነበራትም፣ ከኢንቲሳር በቀር። ታጣቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አባቴ ሊነሳ ሲል እናቴ ኮቱን ይዛ አስቀረችው።

ፈረንጁ የመጣው ይሄኔ ነው።

ከወንዙ በኩል በእግሩ ብቅ አለ። ረጅም፣ ካኪ የለበሰ፣ እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ሆኖ፣ እጁም ፊቱም ቀይ። ከሩቅ የሞተር ማቃሰት ይሰማል። የአሶሳው ፕሮጀክት የውኃ ጉድጓድ መሐንዲስ ነው፤ ላንድሮቨሩ ወንዙ ዳር ሰምጦበት ሾፌሩን መሪው ላይ ትቶ ሰው ሊለምን ወጥቷል። ይሄን ግን ማንም አላወቀም። እኛ ዘንድ ካኪ የለበሰ ነጭ አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ያየው ከጦሩ ጋር የሚዞረውን የሩስያ አማካሪ ነው። ረጀብ ሲያየው ወዲያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ታጣቂው ደግሞ ሰውየው እስኪናገር እንኳ አልጠበቀም፣ ሰላምታ ሰጠ።

ፈረንጁ ስብሰባውን አይቶ ደስ አለው። ወደ ወንዙ እያመለከተ፣ እያለከለከ ተናገረ። ከተናገረው መሀል ከቅምሻዬ የማውቀውን ሰማሁ። "…ጊቭ አስ ኤ ሃንድ፣ ፕሊስ።"

ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ቀጄላ ዞረ። ጋሼ ቀጄላ ተነሳ። ፈረንጁን አየ። ጣሂራ በር ላይ ያለውን ጠመንጃ አየ። ከዚያ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ፤ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። ክፍል ውስጥ አውጥቶት በማያውቅ ድምፅ፣ አጥሩን አልፎ ጓሮው ድረስ በሚሄድ ድምፅ፣

"እጅ ስጡ ይላል" አለ።

በአንድ ጊዜ መቶ እጅ ወጣ። ሰፋሪዎቹ ቀደሙ፣ ልምድ አላቸው። ከነጠላው፣ ከጋቢው፣ ከጉያው፣ ቅድም ለሊቀመንበሩ አልወጣ ያለው እጅ ሁሉ ወጣ። ታጣቂው ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ ጭቃው ላይ አስተኝቶ እጁን አነሳ። ረጀብም አንዴ ግራ ቀኙን አየና አነሳ። ፈረንጁ ተደነቀ። የአገሩ ሰላምታ መስሎት ይሆናል፣ ፈገግ ብሎ እሱም ሁለት ቀይ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

እኔ ብቻ እጅ አልሰጠሁም። እኔ እጅ አወጣሁ። ጋሼ ስህተት ሠርቷላ። ባለፈው ሳምንት ራሱ ያስተማረንን ረስቶታል፤ እርዱን ነው እንጂ እጅ ስጡ አይደለም፣ ተጠንቀቁ ብሎንም ነበር። ሌባ ጣቴን ቀስሬ፣ በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ፣ ክንዴን እስኪነቀል ወደ ላይ ሳብኩት። "ጋሼ፣ ጋሼ" እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ግን የመንደሩ እጅ በሙሉ አየር ላይ ነው፤ የእኔን ከማን ለይቶ ያያል። ዓይኑ በላዬ አልፎ ሄደ።

የጣሂራ በር ተከፈተ። ሞቱማ እጆቹን አንስቶ ወጣ።

መዳፎቹ ሰው ፊት ቀሉ። ክብ ሠርቶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አየ። በርታዎቹ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና አንዷ ትንሽ እልል ልትል ብላ አፏን በትከሻዋ ደፈነችው፤ እጇ ሥራ ላይ ነው። አባቴ የወንድሙን ሠርግ የሰማው በዚህ ሁኔታ ነው። ጭንቅላቱን እንኳ ሊይዝ አልቻለም፣ እሱም እጅ ሰጥቷል። "ሒና" ብቻ አለ። እኔ በልቤ፣ አልቆለታል፣ ሳይታጠብ ወጣ አልኩ።

ጋሼ ቀጄላ ሞቱማን በክንዱ ይዞ ፈረንጁ ፊት አቆመውና በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ፈጥኖ ተናገረ። ከሁሉም "ካር" እና "ሜካኒክ" ብቻ ሰማሁ። የፈረንጁ ፊት በራ፤ የሞቱማን ቀይ እጅ ጨብጦ ወዘወዘው።

ረጀብ እጁን ሳያወርድ፣ ድምፁን ግን አውርዶ፣ "ቀጄላ፣ ንገርልኝ፣ ይሄ ልጅ ለነገው መኪና የተመዘገበ ነው በልልኝ" አለ።

ጋሼ ቀጄላ አንድ ነገር ነገረው። ፈረንጁ ለረጀብ በአክብሮት ራሱን ነቅንቆ መለሰለት፤ "ጉድ ሃንድስ" የሚል ሰማሁ።

"እጄ ገብቷል፣ ከእንግዲህ የእናንተ አይደለም ይላል።"

ፈረንጁ ቀጠለ። ረዘም ያለ ነገር ነው፣ "ኦን ዘ አዘር ሃንድ" አለበት። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሞተሩ ውኃ ገብቶት ከሆነ ልጁን ለጥቂት ቀን አሶሳ ልወስደው እችላለሁ፣ ሊቀመንበሩ ይፈቅዳሉ ወይ ነበር ያለው።

ጋሼ ቀጄላ ጉሮሮውን ጠረገ። "በሌላኛው እጄ ደግሞ ሊቀመንበሩን ልያዝ ወይ ይላል።"

ረጀብ የነጣውን ያህል ጥቁር ሰው ሲነጣ አይቼ አላውቅም። "ኧረ ጌታዬ" አለ። "ስብሰባ ላይ ነው በለው። አንዱ ይበቃል በለው።"

ሰዎቹ ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ገፉ፣ ላንድሮቨሩ ወጣ። ሞቱማ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ሄደ። ረጀብና ታጣቂው የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ማንጎው ሥር እጃቸውን እንዳነሱ ቆዩ። እኔም አላወረድኩም ነበር። ማንም አውርጂ አላለኝማ።

በማግስቱ የመጣው መኪና ጭቃ ይዞት ባምባሲ አደረ፤ እስኪደርስ ድረስ የላንድሮቨሩ ሾፌር ሻይ ቤት ውስጥ ወሬውን ነዝቶታል። መኪና የሚገፋልን ሰው ብንለምን አንድ ሙሉ መንደር እጅ ወደ ላይ ብሎ ጠበቀን፣ ሊቀመንበራቸው ጭምር ብሎ። ወሬው ሲደርስ ሴቶቹ ድንጋዩን ትተው ሳቁ። ረጀብ ግን አልሳቀም። ጋሼ ቀጄላን እዚያው ማንጎው ሥር፣ ሰው በተሰበሰበበት አቆመው። አውቆ ከሆነ ከዳተኛ ሸሽጓል፣ ጉዳዩ ወደ በላይ ይሄዳል። ሳያውቅ ከሆነ ደግሞ ማኅበሩን አታሎ አስተርጓሚ ነኝ ብሏል።

"አንዱን ምረጥ" አለው። "እንግሊዝኛ ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?"

ጋሼ ቀጄላ ወደ ሰዉ አየ። አባቴን አየ፣ ጣሂራን አየ። እንደ ተማሪ ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ፣

"አላውቅም" አለ።

ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። "እጅ ስጡ ይላል" የሚል ቅጽል ስም በዚያች ደቂቃ ወጣለት። አስተርጓሚ ካልሆነ የሚያስቀረው ነገር የለም፤ መኪናው ደግሞ አንድ ሰው ጎድሎታል። ከሰዓት በኋላ ጫኑት። ልክ እኔ በሒሳብ ወድቄ ክፍል እንደደገምኩት፣ እሱም በእንግሊዝኛ ወድቆ ወታደር ሆነ፤ ለእኔ ነገሩ ይሄ ነበር። ፍትሐዊ መስሎ ታየኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አባቴ ነው። ለሰባኪያችን እንኳ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው፣ መኪናው አጠገብ ሄዶ በጋሼ ቀጄላ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ ተበጥሶ ነበርና እዚያው ቆሞ በመርፌ ሰፋለት።

እኔ ልሰናበተው እጄን አነሳሁ። ከመኪናው ላይ አየኝ።

"ጥያቄ አለሽ ቡሴ?"

የለኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እጄን አንስቼ ጥያቄ ያልመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አጎቴ ፕሮጀክቱ ውስጥ ሲሠራ ከርሞ፣ ነገር ሲከር ከኢንቲሳር ጋር ወደ ሱዳኗ ኩርሙክ ተሻገረ። መንግሥት ሲለወጥ ልጆች ይዘው ተመለሱ። አሁን አሶሳ ጋራዥ አለው፤ መዳፉ ግሪስ ግሪስ ይላል። ያን ቀን ለምን ወጣህ ስለው፣ የቀጄላን ድምፅ ለይቼ ነው፣ ፈርቼ አይደለም ይላል። ኢንቲሳር ከጓዳ ሆና "ፈርቶ ነው" ትላለች።

ጋሼ ቀጄላም ተመለሰ። ሰሜን ግንባር ተማርኮ ነበር። አብሮት የነበረ ሰው ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ከጉብታው ማዶ "እጅ ስጡ" ሲባሉ ሁሉም ሲንቀጠቀጥ እሱ ብቻውን ሳቀ፤ አብዷል ብለው ተዉት። እጁን አንስቶ እየሳቀ ወጣ።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተለያይተን፣ ዘንድሮ ሸርቆሌ የሚኒባሱ ማቆሚያ ጋ ሻይ እሸጣለሁ። የስደተኞች መጠለያ ከተከፈተ ወዲህ ፈረንጅ እንደ ልብ ነው። ጋሼ ቀጄላ እዚያ ነው የሚሠራው፤ ያስተረጉማል። የባምባሲ ሰዎች እስከ ዛሬ "እጅ ስጡ መጣ" ይሉታል፣ ፈረንጆቹ ደግሞ እንደሱ ያለ እንግሊዝኛ እዚህ አገር አልሰማንም ይላሉ። ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ሰው እንደሚያወራ አያውቅም። እሱ ሁለቱንም ሰምቶ ሻዩን ይጠጣል። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ ከሌሎቹ በቀለም ይለያል፤ የአባቴ ነው።

ባለፈው ሰሞን ዝናብ ጥሎ ደንበኛ ጠፋ። እሱ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ብርጭቆ እያጠብኩ፣

"ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አልኩት።

"እጅሽን አውጪ" አለኝ።

ሳሙና እንደያዘ አወጣሁ።

"ያኔ ማንጎው ሥር፣ ረስተውት ነው?"

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ጠመንጃ የያዘ ነበር" አለ። "ሊቀመንበሩም ነበር። ፈረንጁም አማርኛ ይሰማ እንደሆን አላውቅም። መቶ እጅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ እጅ የፈራሁት ያንቺን ነው።"

ማሰሮው ፈላ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፣ የሳሙናው ውኃ በክንዴ እየወረደ ብብቴ ይገባል።

"በቃ" አለኝ። "አሁን አውርጂው።"